ጠበል በባዶ ሆድ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ሁለት ሙሌ እያየሁ ነው የዋልኩት። አንዱም በቅቶኝ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከሙሌ ጋር በምንሠራባት የጽሕፈት ሱቅ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁለት ሆነብኝ። ግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ዞሮ ቀርቷል፤ ና ብለው አይመጣም። በሶፍት ሸፈንኩት፣ በፕላስተር አጣበቅኩትና የአንድ ሽማግሌ የውርስ አቤቱታ ጽፌ ጨረስኩ። ሽማግሌው ሊፈርሙ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ዓይንሽን ምን ነካው?» አሉኝ። ትንኝ ገብቶብኝ ነው አልኳቸው። እኔ የሰው አቤቱታ ስጽፍ አንዲት ቃል ካጎደሉብኝ የምጨቀጭቅ ሴት፣ የራሴን ጉዳይ ትንኝ ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት ከሆስፒታሉ ተደወለ። አልጋ ተገኝቷል። ረቡዕ ግቢ፣ ሐሙስ ጠዋት ኦፕራሲዮን። ፋሲካን ያሳለፍኩት ይህን ስልክ ስጠብቅ ነበር፤ በዓሉንም ከስልኬ ጋር ነው የዋልኩት። ሲመጣ ግን ጠረጴዛውን ያዝኩ። ሙሌ ወንበር ሳበልኝ። አፉ የማይዘጋ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልቀለደም። በኋላ «ሂጂ፣ ዛሬ ይብቃሽ፣ እኔ እዘጋዋለሁ» አለኝ።

ጌጃ ሰፈር እስክደርስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። ደረጃው ሁለት ነው፣ ቱቦው ሁለት ነው፣ የትኛውን እንደምረግጥ አላውቅም። ለእማዬ ስነግራት አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ልደታ ሄደች። እስክትመለስ በር በሩን አየሁ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ዶክተሩ ያለኝን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል፤ እዚያ ደግሞ ቦታ የለም።

አንጎል የተቀመጠበት የአጥንት ወለል አለ አለኝ። ዕጢው የበቀለው እዚያ ወለሉ መሀል፣ ከአፍንጫዬ በስተኋላ ነው። ከጀርባው አንጎልን ከአከርካሪ ጋር የሚያገናኘው ግንድ አለ። በግራና በቀኝ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ያልፋሉ። ዓይን የሚያዞሩት፣ ምግብ የሚያስውጡት፣ ድምፅ የሚያወጡት ነርቮች ሁሉ እዚያው ሰፈር ናቸው። ዕጢው ስም አለው፤ ኮርዶማ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ አይገኝም አለኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብርቅ ብሆን በዚህ ሆንኩ።

«አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ያንቺ ግን ይቸኩላል» አለኝ። የፊተኛውንና የኋለኛውን ኤምአርአይ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የኋለኛው ላይ ነጩ ነገር ወደ ግንዱ ተጠግቷል።

ራሴን አይከፍቱትም። በአፍንጫዬ ነው የሚገቡት። ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ይሰዳሉ፣ አጥንቱን በትንሽ ድሪል ይሰረስሩታል፣ የሚወጣውን ያወጣሉ። ከዚያ ከጭኔ ሥጋና ስብ ወስደው ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ካልደፈኑት አንጎል የሚዋኝበት ውሃ በአፍንጫዬ ይፈሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የአንጎል ሐኪሙና የአፍንጫ ሐኪሙ አብረው ቆመው ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

የምፈራቸው፦ መታወር። መዋጥ አቅቶኝ በቱቦ መመገብ። ድምፄ መጥፋቱ። እዚያው መቅረት። ነቅቼ እማዬን አለማወቅ። ይኸኛው ከሁሉም ይብስብኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ቅዳሜ ለሚውለው ለግንቦት ልደታ እህል እየሰበሰቡ መጡ። ስንዴ ከእነ እገሌ፣ ሽምብራ ከእነ እገሌ። እማዬ አንድ ቁና ስንዴ ሰፈረችላቸው። እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል። ያ ነገር አናደደኝ። ገና አለሁ እኮ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

ገባሁ። አልጋዬ መስኮት ሥር ነው። ነርሷ ደም ቀዳች፣ ግፊት ለካች፣ ጌጥ አስወለቀችኝ። ማተቤን ልትፈታው ስትል እማዬ አየቻት። ነርሷ በፕላስተር ከእጄ አንጓ ጋር ጠቀለለችልኝ። ደግ ልጅ ናት።

አጠገቤ ከድጃ የምትባል ከስልጤ የመጣች ልጅ ተኝታለች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሃያ አምስትም የሞላት አትመስልም። የእሷም ዕጢ እዚያው አካባቢ ነው፤ የዓይኗን መብራት ሊያጠፋባት ደርሷል። የምትገባው በሚመጣው ሐሙስ ነው። «አንቺ ትቀድሚኝና ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። እንደ ትልቅ እህት «ምንም የለውም» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ማታ ነርሷ መጥታ «ከራት በኋላ ምንም የለም፤ ነገ በባዶ ሆድ ነው የምትገቢው» አለች። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «ባዶ ሆድማ እኛ እናውቅበታለን» አለቻት፣ ኮራ ብላ። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን የፈታችኝን ሐኪም አሰረኝ ብዬ ቀለድኩ። ከድጃ ብቻ ሳቀችልኝ።

ፍርሃቱ ከሆዴ ይጀምራል። ከዚያ ወደ እግሬ ይወርዳል፤ እግሬ ይቀዘቅዛል። እማዬ ስታሻሽልኝ ቆይታ ወደ ቤት ሄደች።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

አልተሠራሁም።

እንደሆነው ልጻፈው።

ገና ጎህ ሳይቀድ እማዬ መጣች። ዘበኛውን እንዴት እንዳለፈችው እሷና እግዜር ያውቃሉ። አሮጌው አረንጓዴ ኮዳ በነጠላዋ ሥር አለ። ከልደታ የተቀዳ ጠበል ነው፤ እምነትም፣ የቤተ ክርስቲያኑን የተባረከ አፈር፣ በጥብጣበታለች፣ ውሃው እንደ አመድ ግራጫ ሆኗል። «ጠጪ ልጄ። ባዶ ሆድሽን ነሽ፣ ደግ ጊዜ ነው» አለችኝ።

እኔም ጠጣሁ። አንዴ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ጠዋት። በልተው ከጠጡት ነው ነውሩ። ባዶ ሆድ ስባል በእኔም በእማዬም ጆሮ የገባው ይኸው ነው። ኮዳውን ጭልጥ አድርጌ እስከ አተላው ጨረስኩት። ለአፍታ ልቤ ረጋልኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከሰኞ ጀምሮ ያገኘሁት ሰላም እሱ ብቻ ነው።

ተረኛዋ ነርስ መጥታ «የቀመስሽው ነገር አለ?» ስትለኝ እማዬ ቀደመችና «ኧረ ምንም፣ ምራቋንም አልዋጠች» አለች። ዋሽታ አይደለም። ለእሷ ጠበል ከሚቀመሰው ውስጥ አይቆጠርም። እኔ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ጫር አደረገኝ። ዝም አልኩ።

ቃሬዛ ላይ አስተኝተው ገፉኝ። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ሁለት ሁለት ሆነው ያልፋሉ። በሩ ጋ ስንደርስ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ጎንበስ ብሎ ስሙን ነገረኝና ያንኑ ጠየቀኝ። «ምንም አልበላሽም፣ አልጠጣሽም?»

ብናገር ተራዬ ይሄዳል። ይህን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ያ የሚቸኩል ነገር ደግሞ ሐሙስ አይጠብቅም። ባልናገር ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ጠበል ነው፣ ምን ያደርገኛል አልኩ ለራሴ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት፦ ምንም የማያደርግ ቢሆን ይህ ሰው ሁለተኛ ለምን ይጠይቀኛል? «ጠበል ጠጥቻለሁ» አልኩት። ስንት? ኮዳ ሙሉ። ውሃ ብቻ? እምነትም አለበት። እምነት ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ያውቀዋል፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሰው ሲደነዝዝ ጉሮሮው ዘብ አይቆምም፤ ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባ ይገባል። እንደዚህ ያለው ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ስለሆነ ረፈድ አድርገን እንጀምር አይባልም። ዶክተሩ ከውስጥ ለብሶ ወጣ። ሲሰማ ቆቡን አወለቀ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ተናድጃለሁ ግን» አለኝ። ምናልባት የእኔ ቢቀር ብለው ከድጃንም ከትናንት ጀምረው በባዶ ሆድ አዘጋጅተዋት ነበር፤ በእኔ ቦታ እሷን አስገቡ። ቃሬዛችን መተላለፊያው ላይ ተላለፈ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርጋለች።

እማዬ ስታየኝ ተነሳች። «ምነው?» አለች። ነገርኳት። «ጠበል ምግብ ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያልኳት። «ገደልሽኝ እኮ» አልኳት። ሰው ሁሉ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊመለስ አይችልም።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

አልጋውን ለሌላ ሰው ፈለጉት። ማክሰኞ ተመለሺ፣ ሐሙስ አንደኛ ነሽ ተባልኩ። ሙሌ ላዳ ይዞ መጥቶ ወሰደን። ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን። ሁለት ባቡር በላያችን አለፈ፤ ማለቴ አንድ። ሙሌ ከፊት ሆኖ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እመልስለት ነበር።

እማዬ በመስኮቱ እያየች ነው የመጣችው። ከትናንት ጀምሮ ሥራ እንጂ ቃል የላትም። ምሳ አቀረበች። አንሶላ ቀየረች። ኮዳውን አጥባ ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ ደፍታ ሰቀለችው።

ይቅርታ ልላት እፈልጋለሁ፤ ንዴቴ ደግሞ አልበረደም። በየደቂቃው ዓይኔን እየሸፈንኩ እፈትናለሁ። ባሰ? አልባሰም? በሩን አያለሁ፣ ሁለት በር ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ከትናንቱ የሰፋ ይመስለኛል። ከአሁን በኋላ የሚመጣብኝን ሁሉ በዚያች ኮዳ ላሳብብ ነው ማለት ነው?

ከድጃ ከእኩለ ቀን በፊት ነቅታለች አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀናሁም። ሁለቱም እውነት ነው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ልደታ። መንደሩ ሁሉ ደጅ ነው። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ሸራ ተወጥሯል፣ ትልቁ ብረት ድስት ተጥዷል፣ ንፍሮው ይንተከተካል። ከዋናው መንገድ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሰው ሰሌን ላይ ተቀምጦ ይበላል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ፤ ሐጂ ሙዘሚል ከነልጆቻቸው በርጩማ ይዘው መጥተዋል።

ወጣሁ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ቤት ብቀር ይብስብኛል። ዓይኔን እንደሸፈንኩ ተቀመጥኩ። እማዬ አልወጣችም። በሕይወቴ ግንቦት ልደታን ደጅ ሳትወጣ ስትቀር አይቼ አላውቅም። «እናትሽስ?» ሲሉኝ ራሷን አሟት ነው እላለሁ። ራሷን። ራስ የሚያመን እኛ ቤት ብዙ ነን።

ሲመረቅ እትዬ ዘውዴ የከርሞውን ተራ ያከፋፍሉ ጀመር። እያንዳንዱ ሰው «ለከርሞ ካደረሰችኝ ይህን አመጣለሁ» ይላል፤ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ ሁልጊዜ የማስታውሰው የሌላውን ሰው ነው። ድንገት ወደ እኔ ዞሩና «ሰናይት፣ የከርሞው ባቄላ ያንቺ ነው» አሉ።

ለከርሞ። እሺ ካልኩ እግዜርን የተፈታተንኩ፣ እምቢ ካልኩ ደግሞ ራሴን የቀበርኩ መሰለኝ። ሐጂ ሙዘሚል «በይ እንጂ፣ ባቄላ ምን ይከብዳል» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሺ» አልኩ። አሜን አሉ። እጄ ላይ ያለው ንፍሮ ረግፎ አለቀ።

የልደታ ንፍሮ ደጅ ነው የሚበላው፣ ቤት አይገባም። እኔ ግን በመዳፌ ትንሽ ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩና «እማዬ፣ ቢያንስ ደፉ ላይ ውጪ» አልኳት። መጣች። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ከእጄ ቃመች። «እኔ ልግደልሽ?» አለችኝ። «ፈርቼ ነው እማዬ፣ በጣም ፈርቼ ነው» አልኳት። «እኔስ?» አለች። እዚያው ቁጭ ብለን ተላቀስን፤ ሰፈሩ ያላየ መስሎ ንፍሮውን በላ።


እሑድ፣ ግንቦት 2

ምሳ ስበላ ትን አለኝ። ቁራሽ እንጀራ ነው፣ ምንም ያልሆነ። ሳል፣ ሳል፣ ዓይኔ ፈጠጠ። እማዬ ጀርባዬን ደበደበችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፄ ሻከረ።

ዶክተሩ መዋጥ የሚያስችሉት ነርቮች እዚያው ናቸው ብሎኝ ነበር። አሁን ከዝርዝሬ ላይ አንዱ በር አንኳኳ።

ውሃ በማንኪያ እየጠጣሁ ነው።


ሰኞ፣ ግንቦት 3

ጠዋት ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ «ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬ ነይና ግቢ» አለኝ። ዶክተር ሲቸኩል ደግ ነገር አይደለም።

እማዬ ኮዳውን ከሚስማሩ አውርዳ ስትመለከተው አየኋት። መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ እንደገና አወረደችው።

ሆስፒታል ስገባ ከድጃ እዚያው አለች። ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ በእውነት ታየኛለች፣ የቀሚሴን ቀለም ነገረችኝ። አፍንጫዋ አብጧል። አልጋዬ ላይ መጥታ ተቀመጠችና እንደ ሽማግሌ መከረችኝ። ስትነቂ በአፍሽ ነው የምትተነፍሺው፣ የሰጠምሽ ይመስልሻል፣ አልሰጠምሽም። እንዳትናፈጪ። ቢያስነጥስሽ አፍሽን ከፍተሽ ነው፤ አፍነሽ ካስነጠስሽ የደፈኑበት ክዳን ይነሳል። ከሁሉም በላይ ውሃ ከአፍንጫሽ ጠብ ካለ ጉንፋን ነው ብለሽ ዝም እንዳትይ። እማዬ አጠገባችን ቆማ አንድ ቃል ሳታስቀር አዳመጠች።

«የወሰድኩት ያንቺን ቀን ነው» አለችኝ ከድጃ በመጨረሻ፣ አንገቷን ደፍታ። «ዓይንሽ እኮ በራ» አልኳት። ያን ስል ቅናቱ ወጣልኝ፤ የት እንደሄደ አላውቅም።


ሐሙስ፣ ግንቦት 6፣ ጠዋት

ሊወስዱኝ ነው። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም። ከንፈሬ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እማዬ መጣች፣ ኮዳዋን ይዛ። ነርሷ ሳትጠይቃት ገና ከበሩ ላይ ኮዳውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «አላጠጣትም። ግንባሯን ብቻ ልዳብሳት?» አለቻት። እናቴ ከልጇ ዕድሜ በታች የሆነችን ነርስ ለመነች። ነርሷ ፈቀደች።

እማዬ ጣቷን ነክራ ግንባሬን አበሰችኝ። በሌላ እጇ አፌን ከድናኛለች፣ በመዳፏ ሙሉ፣ አንድ ጠብታ ተንሸራታ እንዳትገባ። ትንፋሼ መዳፏ ላይ ይመታል። እንደዚያ ሆና ነው የጸለየችው።

አሁን አልፈራም ብል ውሸት ነው። እግሬ በረዶ ነው። ሙሌ በስልክ ባቄላ እንዳትረሺ ብሎ ልኮልኛል።

መጡ።


እሑድ፣ ግንቦት 9

አለሁ። እማዬን አውቄያታለሁ።

ብዙ መጻፍ አልችልም። ከድጃ እንዳለችው ነው፣ የሰጠምኩ መስሎኝ ነቃሁ። አፍንጫዬ በፋሻ ታጭቋል። ጭኔ ከራሴ በላይ ያመኛል።

ማስነጠስ እፈራለሁ። ሌላ ጊዜ ይማርሽ የሚለኝ ሰው ሁሉ አሁን አታስነጥሺ እያለ ይጸልይልኛል።


ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ፋሻውን አወጡት። እንደ አንጀት ረጅም ነው፤ ያልቃል ስል ይመጣል። ከዚያ ዶክተሩ «ቁጭ በይና ጎንበስ በይ፣ ግንባርሽ ጉልበትሽን እስኪነካ። እንጠብቃለን» አለኝ። ውሃ ከተንጠባጠበ ክዳኑ አልያዘም ማለት ነው። እንደገና መተኛት፣ እንደገና መግባት። ኢንፌክሽን ወደ አንጎል ሊወጣም ይችላል፤ ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ አይደብቀኝም።

ጎነበስኩ። ደም ወደ ፊቴ መጣ፣ ጆሮዬ ይጮሃል። እማዬ ከፊቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከአፍንጫዬ ሥር ነጭ ጥጥ ዘረጋች። ማንም እንድትይዝ አልነገራትም። ዕድሜዋን ሙሉ ጠበል ስትቀዳልኝ የኖረች ሴት፣ «እመቤቴ፣ አድርቂው፣ አድርቂው» ስትል ሰማኋት። እኔም አብሬ ስል ነበር፤ ድምፄ አልወጣም እንጂ። አፍንጫዬን በላኝ። በቃ አለቀልኝ፣ መጣ አልኩ። እማዬ ጥጡን በሁለት እጇ ያዘችው።

ዶክተሩ ቀና በይ አለኝ። ጥጡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ በጣቱ ነካው። ትንሽ የደረቀ ደም አለበት፣ ሌላ ምንም የለም። «ለዛሬ ጥሩ ነው» አለ። ለዛሬ። ሰውየው ቃል አያባክንም።

ሌላውንም ነገረኝ። አብዛኛው ወጥቷል። ከቀኙ የደም ሥር ጋር የተጣበቀች ትንሽ ግን ቀርታለች። «እሷን ብንነካት ኖሮ አሁን አናወራም ነበር» አለኝ። እሷን በጨረር ነው የሚሞክሯት፤ ተራ መጠበቅ አለ፣ ውጤት መጠበቅ አለ። እንደማትቸኩል ዋስ የሚሆነኝ የለም። ዓይኔንም ጠየቅኩት። ነርቩ ተመቷል፣ ይመለስ አይመለስ በወራት ነው የሚታወቀው አለ። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት ሁለቱን እማዬዎች ሳያቸው ተጠጋግተዋል። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ለዶክተሩ አልነገርኩትም፤ ምኞቴ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ነርሷ መዋጤን ልትፈትን በትንሽ ብርጭቆ ውሃ ልታመጣ ስትል እማዬ ኮዳውን አየች፣ ነርሷን አየች። ነርሷ ገባትና ሳቀች። «እምነት የሌለበት ከሆነ እሱም ውሃ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ግን» አለቻት። እማዬ ውሃ አይደለም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በክዳኑ ቀዳችልኝ። አፌ ውስጥ ያዝኩት፤ ለመዋጥ እንዲህ ድፍረት እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር። ዋጥኩት። ወረደ። ትን አላለኝም፣ በአፍንጫዬም አልተመለሰም። ሁለተኛውንም ዋጥኩት።

«የባቄላው ተራ ያንቺ ነው» አለችኝ እማዬ ኮዳውን እየከደነች።

«አውቃለሁ» አልኳት። ድምፄ አሁንም ሻካራ ነው።

ጥጡን አልጣለችውም። አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ማታ እንደገና ጎንበስ በይ ብለውኛል።